ከጋቢናው በኩል የሚሰማው ድምፅ

ተቀመጪ ሱዓዴ፣ እዚያ ጎማው ላይ ተቀመጪ። ልብስሽን አያቆሽሽም፤ እዚህ ጎማ ከሳህን በፊት ነው የሚታጠበው። እኔ በርጩማው ይሻለኛል፣ ዝቅ ካልኩ ማን ያነሣኛል? ነፋሱ አላስቸገረሽም? ዛሬ ትንሽ ፀሐይ ብልጭ ስላለች የዴን ሃግ ከተማ ሰው ሁሉ ወደ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ወርዷል። ትራሙ ሙሉ ነው፤ ልጅ ብትይ፣ ውሻ ብትይ፣ ጃንጥላ ብትይ። እኛ ደግሞ ይኸው ሙርዋይክ ሰፈር፣ ከፎቁ ጀርባ፣ ጋራዥ ውስጥ። አይክፋሽ። ባሕሩ ባይኖርም ዘይቱ አለ... እሱም አንዳንዴ ጎርፎ ደጅ ይደርሳል።

እግሩን አትዪው። ከመኪናው ሥር የወጡት ሁለቱ እግሮች የባለቤቴ ናቸው፤ የቀረው አካሉ እዚያ ውስጥ ሥራ ላይ ነው። ሰላም ብትዪውም አይሰማሽም፣ አትቀየሚው። ከሞተር ሥር ከገባ ወዲያ ሰው ይጠራኛል ብሎ አያስብም። እንደ እሱ ልቡን ሰብስቦ የሚሠራ ሰው የት ይገኛል? እኔ በጸሎት ሰዓት እንኳ ልቤ ገበያ ነው የሚውለው። እና እንደ ልባችን እንጫወት። እሱን ግን አናማውም። ሰውን በሌለበት ማማት ነውር ነው፤ አጠገቡ ተቀምጦ ማማት ደግሞ... እንጃ፣ ለሱ ገና ስም አልወጣለትም።

ይልቅ ስለ ነገው ላመስግንሽ። አብሬሽ ሆስፒታል እሄዳለሁ ስትዪኝ "ባል የለሽም ወይ?" ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ወሎዬ ጨዋ ነው፣ የሚያውቀውን አይጠይቅም። ጉልበት ማስቀየር ዛሬ ቀላል ነው አሉ፤ አሮጌውን አውጥተው ብረት ይተካሉ፣ በማግስቱ ተነሽና ሂጂ ይሉሻል። እኔም አልፈራሁም። ብቻ መርፌውን ወግተውኝ ዓይኔ ሲከደን አንድ የማውቀው ፊት ከአጠገቤ ቢኖር ደስ ይለኛል። ሌላ ምን ፈለግሁ? አንድ ፊት ነው... ቢቻል ግሪስ የሌለበት።

በይ እስኪ አንድ ጨዋታ ላጫውትሽ። አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ስሟን አልጠራም፤ ብጠራው ትስቂያለሽ። አባቷ ሰው ሁሉ እንዲመኛት ብሎ ነው ያወጣላት፣ የተመኛት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሌላ ምኞት መጣበትና እሷ ተራዋን እየጠበቀች ነው። እንደ እኔው ስድሳን የተሻገረች፣ እንደ እኔው ጉልበቷን የሚያማት፣ እንደ እኔው ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ዓለም ትንሽ ናት ሱዓዴ፣ አትጠቋቁሚ።

ባሏን ግን ማመስገን ይገባል። ይህን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምናገረው፤ መልካም ነገር በሹክሹክታ አይነገርም። አይጠጣም። አያጨስም። ሌላ ሴት ቀና ብሎ አያይም፤ በጀርባው ተኝቶ የሚውል ሰው ቀና የሚለው በየት በኩል ነው? ሌሎች ሴቶች ባላቸው የት እንዳመሸ ሳያውቁ ሲብሰለሰሉ ያድራሉ። እሷ ግን ታውቃለች። ስልክ መደወል አያስፈልጋትም፣ ኮፈኑን ከፍታ ማየት ይበቃታል።

ጥፋቱም የሷ ነው እንጂ የሱ አይደለም። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ሮተርዳም ወደብ ላይ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ሲወጣ ቤት ዋለ። ቤት ሲውል ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ ያስተምራት ጀመር። "እሳቱን ቀንሺው" ይላታል። "ክዳኑን አንሺው" ይላታል። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ቆሞ ያስባል፣ ምን እንደሚያስብ እንጃለት። ያቺ ሞኝ ተንበርክካ ጸለየች፤ ያኔ ጉልበቷ ይታጠፍ ነበር። "ጌታዬ፣ ለዚህ ሰው ከወጥ ቤት ውጭ የሆነ አንድ ሥራ ስጠው" አለች። ለልጇ ጸልያ፣ ለዕድሜዋ ጸልያ ስንቱን ዓመት ጠብቃለች፤ ይቺን ግን ወዲያው ሰማት።

ከሮተርዳም መኪና መጣ። መኪና ስልሽ... የመኪና ዐፅም። ፖንቲያክ የሚሉት የአሜሪካ መኪና ነው፣ የስልሳዎቹ፣ አፍንጫው ረጅም፣ ዳሌው ሰፊ፣ ስምንት ሲሊንደር። ሰውዬው በልጅነቱ አዲስ አበባ አንድ አሜሪካዊ እንዲህ ያለውን ሲነዳ አይቶ አቧራውን እየጠጣ ከኋላው ሮጦ ነበር አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ አልቆመም። ሲያመጡት መስታወት የለው፣ ወንበር የለው፣ ሞተሩ ለብቻው በሣጥን። ሴትየዋ ዞራ ዞራ አየችውና "የቀረውስ?" ብላ ጠየቀች። "ይመጣል" አላት። እውነቱን ነው፣ መጣ። ለቅሶ እንደ ሰማ ዘመድ ከየአገሩ ይመጣ ጀመር፤ ፍሬኑ በአንድ ሣጥን፣ ማርሚታው በሌላ ሣጥን። የማርሽ ሣጥኑ አልጋ ሥር አደረ። የፊት መከላከያው እንዳይጫር ተብሎ ገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ተኛ፣ እሷ በባልዲ ታጠበች። እንግዳ መቼም ክብር ነው።

አንድ ቀን የሞተሩን ክዳን ቀለም ቀብቶ በምግብ ምድጃዋ አደረቀው። ቀለሙ ሙቀት ይፈልጋል አሉ። በማግስቱ እሷ በዚያው ምድጃ ዳቦ ጋግራ ቤተ ክርስቲያን ወሰደች። ቄሱ ባረኩት፣ ቆረሱት፣ አሸተቱት። "ልጄ" አሏት ቀስ ብለው፣ "ይህ ዳቦ በናፍጣ ነው በቤንዚን የሚሄደው?" ከዚያ ቀን ወዲህ ለበዓል የምትታዘዘው ሰላጣ ብቻ ነው።

ተቆጣች እንዳትዪኝ። ሞኝነቷ እዚህ ላይ ነው፤ ወደደችው። መጀመሪያ "ባትሪ አብሪልኝ" አላት፣ አበራች። ቀጥሎ "ካቻቢቴውን አቀብዪኝ" አላት፣ አቀበለች። ባትሪ የሚበራው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ ነው፤ ክረምት ከበጋ ተንበረከከች። ለታቦት እንዲህ ተንበርክካ ቢሆን ዛሬ ስሟ ገድል ላይ ይጻፍ ነበር። ካንዴላ ከቴስታ መለየት ተማረች። ሰንበት ላይ ሴቶች ስለ ልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩ እሷ ስለ ካርቡራተር ታወራለች። የዛገ ኒኬል በኮካ ኮላና በወጥ ቤት ፎይል ሲፈተግ እንደሚጠራ ያልሰማ የለም፤ ለአንቺም ነግራሻለች መሰለኝ፣ ደጋግማ። አንቺ ለዒድ ሂና ትሞቂያለሽ፣ እሷ ግሪስ ትሞቃለች። ከጥፍሯ ሥር ጥቁር ሲታይ ያኮራት ነበር እኮ። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ? እነሱ ካንድ ጣሳ ዘይት ቀዱ።

ሰውዬው ደግሞ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ የጀመረውን አይተውም። አይጨርሰውምም። ፍሬኑን ሊያጠብቅ ይገባና "እግረ መንገዴን ቱቦውን ልየው" ይላል። ቱቦውን ሲያይ እግረ መንገዱን መሪውን ይፈታል። መሪውን ሲፈታ የውስጡ ቀለም ያስጠላዋል። በዚህ ሁሉ እግረ መንገድ ስንት አገር ይደረስ ነበር? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። እንቁላሉ ሄደ፣ ዶሮ ሆነ፣ ተሠራ፣ ተበላ... መኪናው ክሪክ ላይ ነው።

ልጃቸው ሊና የምትሠራው አምስተርዳም ነው። እዚህ ያደገች ስለሆነች አባቷን "አንተ" ነው የምትለው። አንድ ቀን መጥታ "ፓፓ፣ ዱ ኖርማል፣ እንደ ሰው ሁን እንጂ፣ አንተ ይህን ነገር ሽጠው፣ እማዬን ጣሊያን ውሰዳት" አለችው። ሰውዬው አስቦ አስቦ "የጣሊያን መኪና አይመቸኝም" አላት። እናትየዋ ሳቀች። እሷ እኮ ሁልጊዜ ከሱ ወገን ነች። ሰው ባሏን ሲነካባት እንደ ነብር ነው የምትሆነው፤ ራሷ ስታማው ብቻ ነው የሚጣፍጣት።

ግን እውነቱ ይነገር። አምና ሰኔ ላይ መኪናው ተነሣ። ሞተሩ ሲጮኽ የፎቁ ሰው በሙሉ በረንዳ ወጣ፤ ከላይ ያሉት ሆላንዳዊት አሮጊት ጦርነት የተመለሰ መስሏቸው ነበር። ሰውዬው ሰፈሩን አንዴ ዞሮ መጣና ወርዶ በሩን ከፈተላት። በር ሲከፍትላት ከሠርጋቸው ወዲህ የመጀመሪያው ነው። "ግቢ፣ ባሕር ላሳይሽ" አላት። ያቺ ያበደች ሴት ቤት ተመልሳ ልብስ ቀየረች፣ ሽቶ ረጨች፣ ለነፋሱ ብላ የሐር ሻርፕ አሰረች። ስኬቨኒንገን ሲደርሱ ሰው ከበባቸው፣ ስልኩን እያወጣ ፎቶ ያነሣ ጀመር። እሷም ጠጉሯን አስተካክላ፣ ደረቷን ነፍታ ፈገግ አለች። አንድ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ በትሕትና "መቭራው፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ መብራቱን ከለሉት" አላት። ፈቀቅ አለች። አንዱ በኋላ ፎቶውን ላከላቸው። ከዳር በኩል አንድ እጅ ብቻ ይታያል። የሷ እጅ ነው። አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች።

ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር ሱዓዴ። በዚህ አልቀልድም። መስኮቱ ተከፍቶ፣ እሱ እጁን ማርሹ ላይ አድርጎ፣ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ባሕር ባሕሩን ሄዱ። አንድ ጊዜ ጉልበቷን ዳበስ አደረጋት። ማርሽ ሊቀይር ፈልጎ እጁ ስቶ ይሁን፣ ሆን ብሎ ይሁን፣ አልጠየቀችም። ተጠይቆ የሚበላሽ ነገር አለ። "ሰው በዕድሜው እንዲህ ያለ አንድ ቀን ካገኘ ይበቃዋል" ብላ አሰበች። ይበቃዋል ማለት አልነበረባትም፣ በዚያው አበቃ።

ሲመለሱ ሰውዬው ሬዲዮውን አጠፋው። አንገቱን ዘንበል አደረገ። "ሰማሽ?" አላት። "ምኑን?" አለችው። "ቋ ይላል" አላት። አደባባይ በዞሩ ቁጥር፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር፣ ቋ። "ከጋቢናው በኩል ነው፣ ካንቺ በታች" አለ።

እንዲህ ያለ ጆሮ ለማን ተሰጥቷል? ሚስቱ ከወጥ ቤት ጠርታው ጠርታው እንጀራው የሚደርቅበት ሰው፣ በስምንት ሲሊንደር ጩኸት መሃል አንዲት ቋ ለይቶ ሰማ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ... ተይው፣ ያ ተረት ለሌላ ነገር ነው የተተረተው።

በማግስቱ ብቻውን ነዳው። ድምፁ የለም። እሷን አስገብቶ ነዳው። ቋ። እሷን አውርዶ ነዳው። ፀጥ። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያስብ ነበር? እሱ ግን ሞተር ዐዋቂ ነው። "ገባኝ፣ ሸክም ሲኖር ነው የሚጮኸው" አለ። ሸክሙ እንግዲህ እሷ ናት። ይህን ያህል ዘመን ተጋብተው ሳለ ዛሬ ገና በግልጽ ነገራት። ከዚያ እሷን ቤት አስቀምጦ ጋቢናው ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ጫነ፣ ቀበቶ አሰረለት። ለሷ ቀበቶ አስሮላት አያውቅም። ከረጢቱን ይዞ ሰፈሩን ዞረ። ዝም። "አንድ አይበቃም" አለና ሁለተኛ ከረጢት ጨመረ፣ እሷን እንዲያክል ማለት ነው። ሁለቱም ከረጢቶች ዝም አሉ። ጨዋ ከረጢቶች ናቸው፤ እንደሷ አያወሩም፣ እንደሷ አያነክሱም።

እሑድ ጓደኞቹ መጡ። እንደሱው ጡረታ የወጡ፣ እንደሱው አሮጌ የአሜሪካ ብረት የሚያስታምሙ ናቸው፤ ግርማይ ከላክ ሰፈር፣ እስጢፋኖስ ከሮተርዳም። ኮፈኑን ከፍተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። በሽተኛ ሲጠየቅ አይተሽ የለ? አንዱ አንገቱን ይነቀንቃል፣ አንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ አንዱ "የኔም እንዲሁ ጀምሮት ነው የተኛው" ይላል። "እግዜር ይማረው" ማለት ብቻ ነው የቀራቸው። ከዚያ ተማክረው ሴትየዋን ጋቢና አስቀመጧትና ሦስት ጡረተኞች መኪናውን በዳሌያቸው እየገፉ ያወዛውዙት ጀመር፣ ድምፁን ለማግኘት። እሷም እንደ ሙሽራ ጉብ ብላ ተወዛወዘች። ድምፁ ግን አልመጣም። ስትወርድ ደገፍ ያላት የለም፤ ሁሉም ከወንበሩ ሥር አጎንብሶ ነበር።

ከዚያ በቃ፣ ፈታው። ወንበሩን ፈታ፣ በሩን ፈታ፣ የጎማውን ማያያዣ ፈታ፣ በመጨረሻ እግረ መንገዱን ሞተሩን አወረደው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እሱ ቆጡንም አፍርሶታል። እኔ ግን ትጋት ነው የምለው። አንዲት ትንሽ ድምፅ ከየት እንደመጣች ለማወቅ ዓመት ሙሉ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው... እንዴት ያለ አፍቃሪ ነው?

በዚህ መሃል ያቺ ሴት ደረጃ መውጣት አቃታት። ለሰውዬው ነገረችው። "ዘይት ቅቢው" አላት፤ እሱ ለሁሉም ዘይት ነው የሚያዘው። ቀባችው፣ አልሆነም። ከሃውስአርትሷ አፍስፕራክ የሚሉትን ቀጠሮ ያዘችና ብቻዋን ሄደች። የሰፈሩ ሐኪም ልጅ እግር ናት፣ በብስክሌት ነው የምትመላለሰው። አልጋ ላይ አስተኛቻትና እግሯን ይዛ አጠፈችው። ቋ... ዘረጋችው። ቋ።

ምን ወደቀ? ቁልፍ ነው? ይውደቅ፣ አንቺን አይነካሽም።

እና ሐኪሟ "ይህ ድምፅ ከጀመረ ቆየ?" ብላ ጠየቀቻት። አየሽ፣ ያቺ ልጅ አንዴ ሰምታ ከየት እንደመጣ ዐወቀችው፤ ምንም አልፈታችም። ሴትየዋ እዚያው አልጋ ላይ እንደተንጋለለች መሳቅ ጀመረች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሐኪሟ ያመማት መስሏት እጇን ያዘቻት፤ እጇን ስትይዛት ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠ። ምን ብላ ታስረዳት? ጋቢና ስቀመጥ ፈሪ ነኝ ትበላት? ባሏ አደባባይ በዞረ ቁጥር፣ ቀይ መብራት ባየ ቁጥር፣ እሷም ፍሬን በሌለበት በኩል ፍሬን ትረግጣለች። እግሬ ሲተጣጠፍ... እግሯ ሲተጣጠፍ ነው ያ ድምፅ። "ባሌ ሞተር አውርዶ የሚፈልገው ድምፅ እኔ ነኝ" ብሎ ነገር በየትኛው ቋንቋ ይነገራል? የደችኛዋ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው፤ "ጉልበቴን ያመኛል" ለማለትም ልጇን ትጠራለች።

ለምን ለባሏ አልነገረችውም ትዪኝ ይሆናል። ልትነግረው ስንት ቀን በርጩማዋን ይዛ መጣች፣ ልክ እንዲህ ተቀመጠች። ግን አንድ ነገር ፈራች። ይቆጣል ብላ አይደለም፣ ይስቅብኛል ብላም አይደለም። "ተመስገን፣ ሞተሩ ደኅና ነው ማለት ነው" እንዳይላት ነው የፈራችው። ያን መልስ ሰምቶ ቤት መግባት ከጉልበት ይብሳል። ደግሞ ሞኝ አይደለች? አንድ ወንድ ዓመት ሙሉ ባትሪ ይዞ የሷን ድምፅ ሲፈልግ፣ ሳያውቅም ቢሆን፣ ደስ ይላት ነበር። ታጭታ በነበረችበት ዘመንም እንዲህ ተፈልጋ አታውቅም።

እና የሷም ጉልበት የሚቀየረው ነገ ነው። እንደ እኔው። አጋጣሚ ነው፣ ምን ይደረጋል። "ትመጣለህ?" አለችው። "እንዴት አልመጣም?" አላት፣ ልቡ ንጹሕ ነው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ከአሜሪካ ያዘዘው የቴስታ ጓርኒሲዮን የሚሉት የሞተር ማሸጊያ ነገ ይደርሳል፣ ቤት ተቀባይ ይኑር ይላል፤ ተቀባይ ከሌለ ዕቃው ይመለሳል። ሰውዬው አዘነ። በእውነት አዘነ፣ አልዋሽበትም፣ ፊቱን በጨርቅ ጠረገ። "ሁለት መለዋወጫ በአንድ ቀን ገጠመብኝ" አላት። ከዚያ ፍርድ ሰጠ፣ ፍርዱም ትክክል ነው፤ ያንቺ በሐኪም እጅ ነው፣ ይህኛው ግን ማን አለው? "ደግሞ ታውስዞርግ፣ ቤት ለቤት አስታማሚነት፣ የምትሠራ ጎረቤት አለችሽ አይደል? አሮጊት ማንሣት ሥራዋ ነው" አላት። ጎረቤቷም የተባረከች ናት፣ እሺ አለች።

ምነው ፀጥ አለ? ቅድም እኮ ሲፍቅ ይሰማ ነበር። የባትሪው ብርሃንም ጠፋ መሰለኝ... ደክሞት ይሆናል። እግሩ ተንቀሳቀሰ ነው የምትዪኝ? ነፋስ ነው ሱዓዴ፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ነው። አትጥሪው። ሥራ ላይ ያለ ሰው አይጠራም፤ ሲጨርስ ራሱ ይወጣል።

በይ እጅሽን ስጪኝና ልነሣ። ቀስ... እንዲያ። ጠዋት በጊዜ ነይ፣ እኔ ለብሼ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ብስኩትም ይዣለሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ግን እንዲሁ አንሄድም። ያን የሰው ባል ይህን ያህል አንሥተን ጥለን ሳንመርቀው ብንሄድ ኃጢአት ነው። አንቺ በአንቺው አሚን በይ፣ እኔ በእኔው አሜን እላለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ዕቃው ሳይሰበር፣ ሳይጎድል ይድረስለት፣ ደጁ ላይ ቆሞ በገዛ እጁ ይቀበለው። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሣለት። እንደ ልቡ ይንዳው፣ ባሕር ዳር ወስዶ ያቁመው፣ ሰው ሁሉ ከቦ ያድንቅለት፣ መብራቱን የሚከልልበት አይኑር። ብቻ ከነገ ወዲያ ፈጣሪ ድካሙን ይይለትና፣ አደባባይ ሲዞር፣ ፍሬን ሲይዝ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እስከ ዕድሜው ማብቂያ ድረስ... ከጎኑ ምንም ድምፅ አይስማ።